በቅሎዋን ያልጠየቀ መልእክት

ኡፕሳላ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ለተመድህን፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ የዓይደሩ የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕሽ፣ አንጋፋው ሠራተኛችሁ አያ ገብረዝጊ ከነቁጣቸው እንዴት ናቸው? ሁለቱን እኅትማማቾች አያቶቻችንን በአንድ ጓዳ ያሳደገ አምላክ አንቺንም ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ፣ ባለቤቴ እስከዳርና ልጃችን ትምኒት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትምኒት ጉሮሮዋ በየወሩ እያበጠ ስላስቸገራት በመጋቢት ትንሽ ኦፕራሲዮን ታደርጋለች። ቀላል ነው ብለውናል። በቅሎዋስ ደህና ናት?

በቅሎዋን የጠየቅሁት አብጄ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። እዚህ እኔ ኮምፒውተር ከምጠብቅበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት አንድ የጥርስ ሐኪም አለ። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት መዝገቡን ልክፈት ቢል አልከፈት አለው። ሌቦች በኢሜይል በተላከ ፋይል ተደብቀው ገብተው ያለውን ሁሉ ባለበት ቆልፈውታል። ዕቃ አልወሰዱም፤ ሰውየውን ከገዛ ቤቱ አስወጥተው «ቁልፉን ከፈለግህ ክፈል» የሚል ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጠፉለት። ትልቅ ባንክ ብቻ የሚነካ መስሎሽ እንዳትዘናጊ። ትንሹን ነው የሚወዱት፤ ትንሽ ሰው ዘበኛ የለውም።

ስለዚህ እባክሽ የማታውቂውን ፋይል አትክፈቺ። ባለፈው የላክሁልሽን ዲስክ ደግሞ መዝገቡን ከገለበጥሽበት በኋላ ንቀይውና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ተሰክቶ ከዋለ ሌባው እሱንም ያገኘዋል። ሌቦቹ የዘመድ ስም ለብሰው ስለሚመጡም እኔና አንቺ ምልክት ይኑረን። ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ ከደሴ ለክረምት ስመጣ በለስ ቁጥቋጦ ውስጥ የጣለችኝን የአያትሽን በቅሎ ታስታውሻለሽ። ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የሞተች በቅሎ ጤና የሚጠይቅ ሌባ የለም። በቅሎዋን ያልጠየቀ መልእክት የእኔ አይደለም፤ አትንኪው።

ሌላው፣ አያ ገብረዝጊ ያንን የጀሶ እግር ሁሉ አሁንም መጋዘን ሙሉ ደርድረውታል? እግር የሚለካ ስካነር ልኬላችሁ ጀሶ ምን ይሠራል? አስጥያቸውና ቦታውን ተጠቀሚበት።

ወንድምሽ ታዲዮስ

*

መቐለ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሓወይ ለታዲዮስ፣

ሰላምና ጤና ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። ለጨነቀው የምትደርሰው እመቤታችን የትምኒትን ጉሮሮ በእጇ ትዳስስልን። ቀላል ነው ማለታቸውን አልወደድኩትም። ኦፕራሲዮን ኦፕራሲዮን ነው። ቀኑን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ስለት ተስያለሁ።

በቅሎዋ ደህና ናት። ትናንት ገብስ ሰጥተናት እምቢ ብላ የአንተን በለስ ጠየቀች። ደብዳቤህን ለአያ ገብረዝጊ ሳነብላቸው፣ «ይሄ ልጅ ትግርኛ መጻፍ ሳይማር ለበቅሎ ሰላምታ መላክ ለመደ?» አሉ። ስልክ ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታት በሰው እጅ መጻጻፍ ለምደን እንደቀረን፣ ቁም ነገሩን አሁንም ለወረቀት እንደምንተው ነገርኳቸው። ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ስለ ጀሶው ግን አልቻልኳቸውም። ሰው ሲመጣ እኔ በስካነሩ የተረፈውን እግሩን አነሣለሁ፣ ልኩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ዞር ስል አያ ገብረዝጊ በሽተኛውን ወደ ጓሮ ወስደው እንደ ድሮው በጀሶ ይጠቀልሉታል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ማሽኗ አየችው እንጂ አልነካችውም» ይሉኛል። ጀሶ እኮ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ባለፈው ሳምንት በዚህ ተኳርፈን ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። የደረቀው ላይ በእርሳስ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውንና አጥቢያውን ይጽፉበታል። ለጀሶ ክርስትና የሚያነሡ ይመስላሉ።

አሁን ወረፋ የሚጠብቁ መቶ አርባ ሦስት ሰዎች አሉን። እግሩ የሚሠራበት ፕላስቲክ ዘግይቶ ስለሚመጣ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው አንድ ቀን ለክተን እንሸኘዋለን። «እስክንደውል አትምጡ፣ መንገድ አትልፉ» እንላቸዋለን። አንዷ ኣርሴማ የምትባል የሓውዜን አስተማሪ ናት። ተቀምጣ ስታስተምር የኋላ ወንበር ልጆች እንደማይሰሟት ነገረችኝና መስከረም ቆማ እንድትገባ ቃል ገባሁላት። የሁሉም ልክ፣ ስምና ስልክ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ምክርህን ቀልድ አላደረግሁትም።

ዲስኩን መንቀል ላይ ግን ታገሠኝ። መብራት በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ብቅ ሲል ያልተሰካ ነገር ሁሉ ባዶውን ይቀር እንደነበር አንተ አላየህም። ያኔ ሁሉን ሰክቶ መጠበቅ ለመድን። አሁንም የተነቀለ ገመድ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። ተሰክቶ ይዋል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይገለብጥ ብዬ ትቼዋለሁ።

እኅትህ ለተመድህን

*

ኡፕሳላ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እንዴት ከርመሻል? በቅሎዋስ?

ይህን ደብዳቤ የያዘችልኝ ወይዘሮ እታፈራሁ አዲስ አበባ የታመመ ወንድሟን አይታ ነው ወደ እናንተ የምታልፈው። በሁለት ሳምንት ይደርስሻል። ልደውልልሽ ነበር፣ ሥራ በዛብኝ።

የምጽፍልሽ ለአንድ ነገር ነው። ሰሞኑን በኮምፒውተር በስሜ የሚመጣ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አትክፈቺው። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ዲስኩንም በእመቤታችን ንቀይው።

የትምኒት ቀን መጋቢት 23 ሆኗል። ስለትሽን አትርሺ።

ታዲዮስ

*

መቐለ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታዲዮስ፣

እንደምን አለህ? ትምኒት በማገገሟ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእስከዳር ሰላም በልልኝ።

የየካቲቱ ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ወይዘሮ እታፈራሁ ወንድሟ ስለጠናበት አዲስ አበባ ቆይታ ነበር። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ይዛው መጥታ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ስትለምነኝ አሳዘነችኝ።

እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ስድስት ሺህ ዶላር ያስፈልገኛል። ያለህን ያህል ንገረኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ደብዳቤውን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ አንተም እንደዚያው መልስልኝ።

መልካም ፋሲካ።

ለተመድህን

*

ኡፕሳላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ለተመድህን፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እንዴት ነሽልኝ? በቅሎዋ ደህና ናት ወይ? እባክሽ ደህና ናት በይኝ።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ጽሕፈቱ የአንቺ ነው፣ ያንን «ለ» ፊደል ላይ የምታስረዝሚውን እግር አውቀዋለሁ። በቅሎዋ ግን የለችበትም። መጀመሪያ አንድ ሰው አስገድዶ አስጽፏት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ደወልኩ፣ አላነሣሽም። እስከዳር ደወለች፣ አላነሣሽም። ከዚያ ገባኝ። አውቀሽ ነው የተውሻት።

በስሜ የመጣ ነገር ነበር፣ አይደል? ከፍተሽው ነበር?

እንግዲህ ልናገር። በጥር መጨረሻ የኢሜይሌን ይለፍ ቃል ሌባ ወሰደብኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የመጣ የሚመስል ገጽ ተከፈተልኝና በገዛ እጄ ጻፍኩላቸው። እኔ፣ ለመምህራኑ በየሴሚስተሩ ተጠንቀቁ እያልኩ ስብከት የምሰጠው። በዚያው ቀን ብለውጠውም የማውቀውን ሰው ስም ሁሉ ገልብጠው ሄደዋል። ለሥራ ባልደረቦቼ በማግስቱ ነገርኳቸው፣ ሳቁብኝና አለፈ። ላንቺ ግን መናገር አልቻልኩም። በዘመድ መካከል ኮምፒውተር አዋቂው እኔ ነኝ፤ ምልክት ያወጣሁት፣ ዲስክ ንቀይ እያልኩ የጨቀጨቅሁሽ እኔ ነኝ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ዘጋሁት። ሥራ በዛብኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። አፍሬ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ግማሹ አለኝ፤ ቀሪውን እበደራለሁ። ነገር ግን ለእነዚህ ሰዎች ከሆነ እንዳትከፍዪ እለምንሻለሁ። ከፍሎ ያልተከፈተለት ብዙ ነው፤ ከፍሎ በዓመቱ የተመለሱበትም አለ። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አውጪው፣ ምንም አታጥፊበት፣ እንዳለ አስቀምጪው። ለፖሊስም ንገሪ። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። ስደቢኝም፣ ግን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ታዲዮስ

*

መቐለ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታዲዮስ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ። ጻፊ ስላልከኝ እጽፋለሁ።

እስከዳር ቀኑን በስልክ ነግራኝ ስለነበር መጋቢት 22 ማታ ለትምኒት ልጸልይ ተነሣሁ። በ23 ቀኑን ሙሉ ደወልኩልህ፣ ስልክህ ዝግ ነው። እስከዳርም ዝግ ናት። በ24 ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ያንተ ስም ከላይ አለ። ሰላምታ የለውም። እንዴት ነሽ የለውም። በእንግሊዝኛ «አስቸኳይ፣ የተያያዘውን ተመልከቺ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

በቅሎዋን አልረሳኋትም። የሌለችበትን አትንኪ ማለትህንም አልረሳሁም። ግን አስበው ታዲዮስ፤ እኛ አገር ሰላምታ ዘሎ የሚመጣ ምን ዓይነት ወሬ ነው? እናትህ ደሴ ባረፈች ጊዜ ከስምንት ወር በኋላ የደረሰችኝ ወረቀት ሁለት መስመር ነበረች፣ እሷም እንደምን አለሽ አላለችም። ልጅህ ቢላዋ ሥር ነበረች። መርዶ የሚያረዳ ሰው በቅሎ አይጠይቅም። ትምኒት ሞተች ብዬ ነው የከፈትኩት። ሁለት ጊዜ ስቼ በሦስተኛው ነው የከፈትኩት።

ባዶ ነበር። ምን ማለት ነው ብዬ ስቀመጥ አያ ገብረዝጊ ጠሩኝና ወጣሁ። ስመለስ የሁሉም ፋይል ስም ተለውጧል፣ መሐል ላይ ያ የምታውቀው ወረቀት ተለጥፏል። ዲስኩ እንደተሰካ ነበር። እሱም ሄደ። በዚያው ምሽት ደወልክና «ትምኒት አይስክሬም እየበላች ነው» አልከኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አንተ ለደስታ መሰለህ። ለደስታም ነበር። የቀረውን ልነግርህ አልቻልኩም፤ ልጅህ በዳነችበት ቀን ኪሳራዬን ምን ብዬ ላንሣ።

ከስምንት ቀን በኋላ ነው ያ «አትክፈቺው» የሚለው ደብዳቤህ የገባው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወይዘሮ እታፈራሁን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና አንተን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁህ። የሚያስጨንቅ አይደለም ብለህ ስትጽፍ አንድ ስልክ ደውለህ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ምክንያቱንም አሁን ሳነበው እፍረት ነው። እፍረትህ መቶ አርባ ሦስት ሰው አስከፈለኝ።

ገንዘቡ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። እነዚያን ሰዎች እስክንደውል አትምጡ ብያቸዋለሁ። ይታዘዛሉ፤ ቃላችንን ያከብራሉ። ሳምረ ያለው ሰውዬ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ የሁለት ሰዓት መንገድ በክራንች እንደሚሄድ ነግሮኝ ነበር። ቁጥሩ የለኝም። ስሙም የለኝም። መልኩን ነው የማስታውሰው። እየጠበቀ ይኖራል፣ ክረምቱ ይገባል፣ ረሱኝ ይላል።

ለፖሊስ ተናገርኩ፤ ጻፉ፣ ተቀበሉኝ። ለወርክሾፑ ሰዎች ግን ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብቻ ነው ያልኳቸው። አምስት ሳምንት ሙሉ ዋሸሁ። ከአንተ በምን ተሻልኩ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ። ነገ ሌቦቹ የሰጡኝ ቀን ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን እናጠፋዋለን ብለዋል። አልከፍልም። የምከፍልበትም የለኝም፤ ያንተንም አትላክ። ነገ ጠዋት ለአያ ገብረዝጊ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ለተመድህን

*

ኡፕሳላ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅሎዋስ?

ከዚያ ደብዳቤሽ ወዲህ ሁለት ጽፌ ነበር፣ መልስ የለም። ስልኩን አያ ገብረዝጊ አንሥተው «ሥራ ላይ ነች፣ አታስቸግራት» ብለው ዘጉብኝ። ደህና መሆንሽን ከዚያ አወቅሁ። የተናገርሽው ሁሉ እውነት ነው። ትምኒት ስምሽን ጠርታ ለምን አትደውልም ትለኛለች። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳት።

ይቅር በይኝ አልልም፣ ሲመጣ ይምጣ። የሳምረው ሰውዬ ተገኘ ወይ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ታዲዮስ

*

መቐለ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሓወይ ለታዲዮስ፣

እንደምን ከረምክ? እስከዳር፣ ትምኒት፣ ቤትህ ሁሉ እንዴት ነው? ዝናቡ እዚህ ጥሩ ይዟል። የዘገየሁት በኩርፊያ ብቻ አይደለም፤ የምቀመጥበት ጊዜም አልነበረኝም። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ሚያዝያ 30 ጠዋት አያ ገብረዝጊን ጠርቼ ነገርኳቸው። መዝገቡ የለም፣ ልኩ የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሰሙኝና «ታዲያ እስከ ዛሬ በምን የምሠራ መሰለሽ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ጀምሮ እግር መውጣቱ አልቆመም ነበር። በየቀኑ እያየሁ፣ ጭንቅ ይዞኝ፣ ከየት እንደሚወጣ አልጠየቅሁም። እጄን ይዘው ወደ ጓሮው መጋዘን ወሰዱኝ። አንተ ይጣል ያልከው፣ እኔ የተኳረፍኩበት ጀሶ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አንዱን አነሣሁት። በእርሳስ «ኣለምሰገድ ወልደ ሀይሉ፣ ሳምረ፣ ከገብርኤል በታች» ይላል። የክራንቹ ሰውዬ ነው። እዚያው ጀሶውን አቅፌ ቆምኩ፤ አያ ገብረዝጊ «ይሰበራል፣ አስቀምጪው» አሉኝ።

መቶ አሥራ ስምንት ቆጠርን። ስልክ ቁጥር አንዱም ላይ የለም፤ አገርና ደብር ግን አለ። የዚህ ሰው ሁሉ አድራሻው ያ ነው። ሸረፈዲን የሚባል በቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ጎረቤታችን አለ። ስሞቹን በየአገሩ ለየልኝና ለገበያ ለሚወጡ ነጋዴዎች አደለ። እኔም ለየደብሩ ወረቀት ጻፍኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ እንዲነበብ። «በዓይደር እግር የተለካችሁ፣ አንደውልም፣ ኑ» ይላል። እስከ ትናንት ዘጠና አንድ ሰው መጥቷል። አንዳንዱ እግሩ ከስቶ አዲስ ልክ ወስደናል። ኣለምሰገድ በግንቦት መጨረሻ መጣ። ስለ ጥፋቱ ስነግረው «እኔ አንድ ቀን ይደውላሉ ብዬ ነበር፣ ካልደወላችሁም ደግሞ መጣሁ» አለኝ።

ኣርሴማም መጣች፣ ሳትጠራ። ሰኔ ሲያልቅ ቢጨንቃት ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍራ በሩ ላይ ቆመች። ስሟ ከመቶ አሥራ ስምንቱ ውስጥ አልነበረም። አያ ገብረዝጊ ጉንፋን ይዟቸው ቤት በዋሉበት ሳምንት በማሽኑ ብቻ የለካኋቸው ሃያ አምስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዷ እሷ ናት። እንደገና ለካናት፣ መስከረም ቆማ ትገባለች። ሃያ አራቱ ቀርተዋል። ስማቸውን አላውቅም። ከቤት ስወጣ መንገድ ላይ ክራንች የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ቀርቤ «እኛ ጋ ተለክተህ ነበር?» እላለሁ። እስካሁን ሁለት ሰዎች ተቆጥተውኛል።

አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ። ዲስኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገለበጥኩበት በኋላ እነቅለዋለሁ። መንቀሉ አሁንም ያስፈራኛል፣ ግን እነቅለዋለሁ። የሚያድረው ጀሶው መጋዘን፣ አያ ገብረዝጊ በሠሩለት የጀሶ ሳጥን ውስጥ ነው። በእርሳስ ስም ጽፈውበታል፤ «ታዲዮስ፣ ኡፕሳላ፣ የሩቅ ዘመድ» ይላል። ቁጣቸው እንዲህ ነው የሚወጣው።

አሁን ስለ እኛ። መቆጣቴን አልክድም፤ ገና አላለቀልኝም። ግን አንተ በእፍረት ዝም አልክ፣ እኔም በእፍረት አምስት ሳምንት ዋሸሁ፤ ሌባው የገባው በሁለታችን በኩል ነው። እኔ ከሚያዝያ ወዲህ በቅሎዋን ከደብዳቤ ያወጣኋት ልቀጣህ ብዬ ነበር። በየደብዳቤህ እንዴት ናት ስትለኝ ግን አንጀቴን በላኸኝ።

ምልክታችን ጥሩ ነበር፤ ስለ መርዶ ቀን ሳንነጋገር ቀርተን ነው እንጂ። ከእንግዲህ ሕጉ እንዲህ ይሁን። አንድ ቀን አንዳችን ለሌላው የክፉ ወሬ መጻፋችን አይቀርም፤ ዕድሜዬ ካንተ ይበልጣልና ምናልባት ወሬው የእኔ ይሆናል። ያን ቀን የሚጽፈው ሰው፣ እያለቀሰም ቢሆን፣ መጀመሪያ በቅሎዋን ይጠይቅ። ለአያ ገብረዝጊም ነግሬያቸዋለሁ፤ «ለመርዶ?» ብለው አፈጠጡብኝና ኋላ እሺ አሉ።

በቅሎዋ ደህና ናት። አንተንም ጠይቃሃለች።

እኅትህ ለተመድህን